ለጩኸታም መድረክ የድምፃዊ ማይክራፎን ሲመርጡ ሞኒተሩ የት እንደተቀመጠ ይዩ

ጥያቄ፦ ድምፄ ለስላሳ ነው። በጠባብ መድረክ ላይ ድራምና ሁለት የጊታር አምፕሊፋየር ካለው ባንድ ጋር እዘፍናለሁ። የራሴን ድምፅ ለመስማት ሞኒተሩ (ለዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው የመድረክ ስፒከር) ከፍ እንዲልልኝ በጠየቅኩ ቁጥር ፉጨት ይነሳል። የምጠቀመው ሹር ኤስኤም 58 ነው። ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ሌላ ዳይናሚክ (የኤሌክትሪክ ኃይል የማይፈልግ) ማይክራፎን ብገዛ ችግሩ ይቃለላል?

መልስ፦ በዚህ ምክንያት ብቻ አይግዙ። በመግለጫው ላይ ሴንሲቲቪቲ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ማይክራፎኑ ለተወሰነ መጠን ድምፅ ምን ያህል የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚያወጣ ብቻ ይናገራል። ምልክቱ ከፍ ሲል የእርስዎ ድምፅ፣ ድራሙና ከሞኒተሩ የሚመለሰው ድምፅ አብረው ከፍ ስለሚሉ፣ የድምፅ ባለሙያው ጌይኑን (ምልክቱ የሚጎላበትን መጠን) በዚያው ልክ ይቀንሰዋል፤ ፉጨቱም ከነበረበት አይንቀሳቀስም። ፉጨት የሚነሳው ከሞኒተሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክራፎኑ ሲገባ ስለሆነ፣ በዋናነት የሚወስነው ማይክራፎኑ ከየትኛው አቅጣጫ የሚመጣውን ድምፅ እንደማይቀበልና ሞኒተሩ በዚያ አቅጣጫ መቀመጥ አለመቀመጡ ነው።

ከ1966 ጀምሮ በመድረክ ላይ ያለው ኤስኤም 58 የአቀባበል ቅርጹ፣ ማለትም ድምፅን ከየአቅጣጫው የሚቀበልበት መጠን፣ ካርዲዮይድ የሚባለው ነው። ካርዲዮይድ ድምፅን ከሁሉ ያነሰ የሚቀበለው በቀጥታ ከኋላው፣ ማለትም ገመዱ ከሚሰካበት ከጭራው በኩል ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሞኒተሩን ከፊት ለፊትዎ አድርገው የማይክራፎኑን ጭራ ወደ እርሱ ያመልክቱ። ብዙ ድምፃውያን ማይክራፎኑን አግድም ስለሚይዙት፣ ወለል ላይ ያለው ሞኒተር ከጭራው አቅጣጫ ወጥቶ በጎኑ በኩል ይገባል፤ ጭራውን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም።

ሱፐርካርዲዮይድ የተባለው ቅርጽ ፊቱ ጠበብ ያለ ነው። ከጎን በ90 ዲግሪ የሚመጣን ድምፅ ካርዲዮይድ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ሲቀንሰው፣ ሱፐርካርዲዮይድ ወደ 9 ዴሲቤል ይቀንሰዋል፤ በጠባብ መድረክ ላይ ጎንዎ ከቆመ የጊታር አምፕሊፋየር ጋር ይህ ልዩነት ይሰማል። ነገር ግን ሱፐርካርዲዮይድ በቀጥታ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ በመጠኑ ይቀበላል። ፈጽሞ የማይሰማበት አቅጣጫ ከፊቱ 126 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ሞኒተሩ ከጭራው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ 55 ዲግሪ ያህል ገለል ብሎ መቀመጥ አለበት። ሹር ቤታ 58ኤ እና ዜንሃይዘር ኢ 945 ከዚህ ወገን ናቸው፤ ዜንሃይዘር ኢ 935 ግን ካርዲዮይድ ነው። ብዙ ሰዎች ካርዲዮይዱን በሱፐርካርዲዮይድ ይተኩና ሞኒተሩን ከነበረበት ሳያነሱት ይቀራሉ፤ ፉጨቱ ሲብስም ጥፋቱን በማይክራፎኑ ላይ ያደርጋሉ። ከዚህም የጠበበ ሃይፐርካርዲዮይድ አለ፤ ሆኖም በሚዘፍኑበት ጊዜ ጭንቅላትዎን የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ ድምፅዎ በየመሃሉ ስለሚሳሳ ለእርስዎ አልመርጠውም።

ድራሙ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ብዙውን ጊዜ ድራሙ ከድምፃዊው ጀርባ ስለሚቀመጥ የማይክራፎኑ ፊት በቀጥታ ወደ ድራሙ ያያል፤ ከፊት የሚመጣን ድምፅ ደግሞ የሚከለክል ቅርጽ የለም። ከድራሙ ፊት ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው መቆምና ሲምባሎቹ ከማይክራፎኑ ፊት እንዲወጡ ማድረግ ውድ ማይክራፎን ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ የሚረዳው የከንፈርዎና የማይክራፎኑ ርቀት ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፅዎ በግምት 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የድራሙ ድምፅ ግን አይቀንስም። ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ከ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት እየዘፈነ በጩኸታም መድረክ ላይ የሚሰራለት ማይክራፎን አያገኝም፤ ከንፈርዎ የማይክራፎኑን ራስ የሸፈነውን ወንፊት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ይቅረቡ። ሲቀርቡ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚበዛ፣ ባለሙያው ከ100 እስከ 120 ሄርዝ በታች ያለውን በሚክሰሩ ማጣሪያ እንዲቆርጥልዎ ይጠይቁ። ወንፊቱን በእጅዎ አይሸፍኑ፤ ድምፅ ከኋላ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሲዘጉ ማይክራፎኑ አቅጣጫ መለየቱን ያጣል፤ ያኔ ሞኒተሩ የትም ቢቀመጥ ያፏጫል።

እንግዲህ ሞኒተርዎ አንድ ብቻ ከሆነና ከፊት ለፊትዎ ሊነሳ የማይችል ከሆነ ካርዲዮይዱን ይዘው ይቆዩ። ወደ ጎን ሊዞር ከቻለ ወይም ሁለት ሞኒተሮች ካሉ፣ እኔ ሱፐርካርዲዮይድ እንዲወስዱ እመክራለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ በመስማት አይወስኑ፤ እዚያ ለጆሮ የሚያምረው ብሩህ ድምፅ በመድረክ ላይ ሲምባሉን ሊያጎላና ፉጨት ሊጠራ ይችላል። ሁለቱን ማይክራፎኖች ለልምምድ ተውሰው ባንዱ በሙሉ ድምፁ እየተጫወተ ይሞክሯቸው። በመጀመሪያ ድምፅዎ በሁለቱም እኩል እንዲሰማ ባለሙያው ጌይኑን ያስተካክል፤ ለእያንዳንዱ ሞኒተሩን በሚገባው ቦታ ካስቀመጠ በኋላም ፉጨቱ እስኪጀምር ድረስ ድምፁን ቀስ እያለ ይጨምር። ፉጨት ሳይነሳ ራስዎን ይበልጥ የሰሙበትን ማይክራፎን ይውሰዱ።