ግቢው ሊሾ ይሁን ወይስ ሣር?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው። ባለቤቴ ክረምቱ ሳይገባ ግቢውን በሙሉ ሊሾ ካላስደረግኩ ይላል። «ጭቃ ሰለቸኝ» ባይ ነው። እኔ ሣርና ጓሮ አትክልት ነው የምፈልገው። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ ካሁኑ «ውኃችሁ አጥሬን ሊጥለው ነው» እያሉ ነው። ማንኛችን ልክ ነን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትዎ ናቸው ልክ።

በባለቤትዎም አልፈርድም። የሐምሌን ጭቃ የቀመሰ ሁሉ ሲሚንቶ ያምረዋል። በኛ ሰፈርማ ግቢው ሣር የሆነ ሰው «አቅም አንሶት ነው» ይባላል። ውኃው ከአጥር ከወጣ በኋላ ግን «የኔ ነው» የሚል የለም።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲጥል 1 ሊትር ነው። ጣሪያዎ 80 ካሬ ቢሆን፣ 25 ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን 2,000 ሊትር ከቆርቆሮው ብቻ ይወርዳል። ግቢው ሊሾ ከሆነ የሱም ይጨመርበትና ባንዴ ጎረቤትዎ ላይ ነው።

ሣር ብቻውንም አያድንዎትም። አፈርዎ እንደ ብዙው የአካባቢያችን መሬት ዋልካ ከሆነ፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ አንዴ ከጠገበ ውኃ በጭንቅ ነው የሚያስገባ። «ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት» የሚባለው ምክር እንዲህ ያለ አፈር ላይ ነሐሴ ሲደርስ ኩሬ ይሆናል። መሠረት አጠገብ ከሆነማ ለግድግዳውም አይበጅ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ የጅሩ ገበሬ ዋልካ ላይ ሲዘራ መደብ ያነሣል፣ በመደቦቹ መሃል ቦይ ያወጣል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ጎመኑና ድንቹ መደቡ ላይ፤ ቦዩ ወደ መንገዱ የውኃ መውረጃ። በጎረቤት አጥር ሥር በፍጹም!

ለባለቤትዎ ከበር እስከ በረንዳ ድንጋይ ይነጠፍላቸው፤ ክፍተቱ በአሸዋ እንጂ በሲሚንቶ አይሞላ። አሸንዳውን ከሮቶ ጋር ያገናኙት፤ ሲሞላ ትርፉ በቱቦ ቦዩ ውስጥ ይግባ። ሣሩ ሰርዶ ይሁን፤ የኅዳር ውርጭ ቢያደርቀው እንኳ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ውኃ የሚተኛበት ጥግ ካለ ቀጤማ ይትከሉ። ለበዓል ከመግዛት ይገላግልዎታል።

ግንቦት ላይ ቦዩን ያስጠርጉ፤ አንድ ፌስታል በቂ ነው ሊደፍነው። የልብስ እጣቢም ወደዚያ አይልቀቁ። ቁፋሮው ሳይጀመር ባለቤትዎ ጎረቤታችሁን ይጥሯቸውና የቦዩን መውጫ አብረው ይዩት። ቡናውን እርስዎ ያፍሉ።