ከፋብሪካው በፊት ምክክሩ፦ ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ጥናትና ፈቃድ ከጅማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚተከሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት፣ ማለትም ፕሮጀክቱ በአካባቢውና በሰው ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ የሚመረምር ጥናት፣ በሚያዘጋጅ አማካሪ ድርጅት ውስጥ በአካባቢ መሐንዲስነት እሠራለሁ። ባለሀብቶች፣ ገበሬዎች፣ የቀበሌ ሠራተኞችና ተማሪዎች የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለሚመሳሰል፣ መልሱን በአንድ ላይ ማስፈር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም።

ጥያቄ (በአጋሮ አካባቢ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሊተክሉ ከተዘጋጁ ባለሀብት)፦ መሬት ተረክቤያለሁ፤ የቡናው ወቅት እንዳያመልጠኝ ግንባታውን ጀምሬ የአካባቢ ጥናቱን ጎን ለጎን ማሠራት አይቻልም ወይ?

አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ ጥናት የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል፤ የኢንቨስትመንትም ሆነ የንግድ ሥራ ፈቃድ የሚሰጡ አካላት ፈቃዱን ከመስጠታቸው በፊት ይህ ይሁንታ መገኘቱን እንዲያረጋግጡ ያዛል። ያለ ይሁንታ የጀመረ ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንደሚቀጣም ደንግጓል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መቀጮው አይደለም። መሠረቱ ከወጣ፣ ኮንክሪቱም ከፈሰሰ በኋላ የሚሠራ ጥናት የተሠራውን ከማጽደቅ ያለፈ ነገር ሊያደርግ አይችልም፤ "የፍሳሽ ኩሬው ከዚህ ቦታ ቢነሳ ይሻላል" የሚለው ምክር ዋጋ የሚኖረው ኩሬው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ብቻ ነው።

እርስዎ አሁን ማድረግ ያለብዎት የፕሮጀክቱን አጭር መግለጫ ለወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አቅርበው በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ማስወሰን ነው፦ ሙሉ ጥናት የሚጠይቅ፣ ከፊል ጥናት የሚበቃው ወይስ ጥናት የማያስፈልገው። ቀጣዩ ጊዜና ወጪ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ወጪውም የሚሸፈነው በእርስዎ ነው።

ጥያቄ (ከሰካ ጮቆርሳ)፦ በቀበሌያችን ስለ አንድ ፋብሪካ ስብሰባ ተጠርተን ስማችንን አስመዝግበን ፈርመናል። ከዚያ ወዲህ ማንም ተመልሶ የነገረን የለም። ምክክር የሚባለው ይህ ነው?

አይደለም፤ ቅር መሰኘታችሁም ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ላይ ሕዝብ በቀጥታ የሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲታቀዱና ሲተገበሩ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው አስፍሯል። አዋጅ 299 ደግሞ በአንቀጽ 15 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የጥናቱን ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርግ፣ አስተያየት እንዲጠይቅ፣ በተለይም ተፅዕኖው የሚደርስበት ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በጥናቱ ውስጥ መካተቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የተሰብሳቢዎች የፊርማ ዝርዝር ሰዎች መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ መደመጣቸውን አያሳይም።

በሥራ ላይ እንዳየሁት ምክክር የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ስብሰባው በገበያ ቀን ወይም በጁምዓ ሶላት ሰዓት ይጠራና የሚመለከታቸው ሰዎች ሳይገኙ ይቀራሉ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፍና ገበሬው ሊያነበው ቀርቶ የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ለማስረዳት ይቸገራል። ገለጻው በአማርኛ ብቻ ይደረግና አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ አዛውንቶች ለአክብሮት ሲሉ አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ውሃ የሚቀዱት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ ስለ ወንዙ በየቀኑ የሚያውቁት እነሱ ሆነው ሳለ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው የወንዶቹ ንግግር ነው።

በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥናት ወቅት ይህን በዓይናችን አይተናል። ስብሰባው ተበትኖ ሰው ሲሄድ፣ በስብሰባው ምንም ያልተናገሩ አንዲት እናት ባልደረባዬን ጠርተው ለፍሳሽ ኩሬ ከታሰበው ቦታ በታች፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ በሣር የተሸፈነች ትንሽ ምንጭ አሳዩን። በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። በበጋ ቧንቧው ሲቋረጥ የመንደሩ ሰው የሚቀዳው ከእሷ ነው። እኛም በታሰበው ቦታ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ውሃ ሞልተን፣ በተሰመረ እንጨት ስንለካው ውሃው እዚያው እንደቆምን እየሰመጠ አለቀ። ኩሬው እዚያ ቢቆፈር ኖሮ ፍሳሹ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ወደ ምንጯ መውረዱ አይቀርም ነበር። ኩሬው ወደ ሌላኛው ተዳፋት ተዛወረ፤ ወለሉም በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ የፕላስቲክ ንጣፍ ለበሰ። ባለሀብቱ ለንጣፉ ተጨማሪ ገንዘብ አውጥተዋል፤ ሆኖም ከመንደሩ ጋር የሚገቡበት ጠብ ከዚያ እጅግ ይበልጥባቸው ነበር።

ስለዚህ የቀበሌያችሁን ሊቀ መንበር ወይም የወረዳውን አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን፤ ያነሣነው ስጋት በሪፖርቱ የት ቦታ እንደሰፈረ ይነገረን፤ ያልተቀበላችሁትም ካለ ምክንያቱ ይገለጽልን። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠይቀው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ አማካሪው ደመወዙን የሚያገኘው ከባለፋብሪካው ነው። ታዲያ ጥናቱን እንዴት እንመነው?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሕጉ ጥናቱን ብቃት ባለው ባለሙያ እንዲያሠራና ወጪውን እንዲችል የሚያዘው ባለፕሮጀክቱን ነው፤ ስለዚህ ከፋዩን ለማስደሰት የመፈለግ ፈተና ሁልጊዜ አለ። መከላከያው ገምጋሚው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሪፖርቱን ተቀብሎ፣ የሕዝብና የባለሙያ አስተያየት መዝኖ ማጽደቅ፣ በቅድመ ሁኔታ ማጽደቅ ወይም መከልከል ያለበት እሱ ነው። ገምጋሚው ሜዳውን ሳያይ በወረቀት ብቻ ከወሰነ ግን መከላከያው ይላላል። አንባቢ ራሱ ሊያጣራው የሚችል አንድ ምልክት ልጠቁም፦ ጥሩ ሪፖርት ሌላ አማራጭ ቦታና ሌላ አማራጭ ቴክኖሎጂ አነጻጽሮ ያሳያል፣ ጉዳቱን በቁጥር ይናገራል፣ ማን በምን ገንዘብ መቼ እንደሚያስተካክለው ይጽፋል። "ተፅዕኖው አነስተኛ ነው፤ ተገቢው ጥንቃቄ ይደረጋል" ብሎ የሚያልፍ ሪፖርት፣ የወንዙና የቀበሌው ስም ቢቀየር ለሌላ ፕሮጀክትም የሚሆን ከሆነ፣ ቦታው ላይ ሄዶ የተሠራ አይደለም።

ጥያቄ (የቡና ነጋዴ ከሆኑ ወንድማችን)፦ ቡና ፍሬ ነው፤ መርዝ አልተጨመረበትም። የማጠቢያው ውሃ ወንዝ ቢገባ ይህን ያህል ምን ጉዳት አለው?

ይህ ጥያቄ በጅማ ዞን ከሁሉም በላይ ስለሚነሣ በሰፊው ልመልስ። 1 ኪሎ ለገበያ የሚሆን ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ቡና ያስፈልጋል። እሸቱ ሲፈለፈል ቀዩ ገለፈት ይወጣል፤ በፍሬው ላይ የቀረው ዝልግልግ ነገር ደግሞ በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ በውሃ ይታጠባል። ገለፈቱም ዝልግልጉም በስኳር የበለጸጉ ናቸው። ስኳሩ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፣ ይራባሉ፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውና በድንጋይ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት እጮች የሚሞቱት በመርዝ ሳይሆን በአየር እጦት ነው። የዚህ ጉዳት መለኪያ ባዮኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት ይባላል፤ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ሲመገቡ የሚጨርሱት የኦክስጅን መጠን ማለት ነው፤ ተራ የቤት ፍሳሽ በሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ያህል ሲኖረው፣ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ በብዙ ሺዎች ይቆጠራል፣ ውሃ በቁጠባ በተሠራበት ጣቢያም ከ10,000 ሊያልፍ ይችላል። ስኳሩ ሲብላላ ውሃው ይኮመጥጣል፣ የአሲድነቱ መለኪያም (ፒኤች፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 4 ይወርዳል። ከብቶች ውሃውን ሸተው የሚመለሱት፣ በመንደሩም ሽታው የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው የወቅቱ ጉዳይ ነው። ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ወንዞቹ በክረምት ብዙ ነገር አቅልለው ያልፋሉ፤ የእጥበቱ ሥራ የሚጦፈው ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ወንዙ እየሳሳ፣ ሰውም ወንዙን አብዝቶ እየፈለገ በሚሄድበት ጊዜ ፍሳሹ ይበዛል። የዓመቱን አማካይ የወንዝ ፍሰት ይዞ "ወንዙ ፍሳሹን ያቀልለዋል" ብሎ የሚያሰላ ጥናት ይህን ይደብቃል፤ ስሌቱ መሠራት ያለበት በታኅሣሡ ፍሰት ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የመፈልፈያውን ውሃ ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም የፍሳሹን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዝልግልጉን በማሽን የሚያነሡ ዘመናዊ መፈልፈያዎች ከገንዳው አሠራር እጅግ ያነሰ ውሃ ይፈልጋሉ። ገለፈቱ ከውሃው ተለይቶ ኮምፖስት ቢሆን ለቡናው ማሳ ይመለሳል። ቀሪው ፍሳሽ በኖራ አሲድነቱ ተስተካክሎ ወለሉ በታሸገ ኩሬ ይቆያል፤ ከኩሬው በታች የሚተከል፣ ሥሩ ጥልቅ የሆነው የቬቲቨር ሣርም ያግዛል። ሣሩን ብቻ ተክሎ "ማጣሪያ አለን" ማለት ግን ራስን ማታለል ነው፤ የመጨረሻውን ደረጃ እንጂ ሙሉውን ሥራ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ፋብሪካችን ከዓመታት በፊት ፈቃድ አግኝቷል። አሁን ማስፋፊያ ስንሠራ እንደገና ጥናት ያስፈልጋል?

ማስፋፊያው የፍሳሹን፣ የጭሱን ወይም የድምፁን መጠን የሚቀይር ከሆነ ያስፈልጋል። የቀድሞው ይሁንታ የተሰጠው በዚያ መጠንና በዚያ ቴክኖሎጂ ነው።

ጥያቄ (ከጅማ ከተማ)፦ አዌቱ ወንዝ እኮ አስቀድሞ ተበክሏል። አንድ ፋብሪካ ብቻውን እንዴት ተጠያቂ ይሆናል?

አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ሲወርድ የቤቱን፣ የሆቴሉን፣ የመኪና ማጠቢያውንና የገበያውን ቆሻሻ ሁሉ እንደሚቀበል ማንም ያየዋል፤ ከዚያም ጉዞው ወደ ጊልጌል ጊቤ ወንዝ ነው። ነገር ግን የብክለቱ ብዛት ተጠያቂነቱን አያጠፋውም፤ ማስረጃውን ነው በጥንቃቄ እንድንይዝ የሚያስገድደን። የመነሻ መረጃ የሚባለው ለዚህ ነው፦ ፋብሪካው ከመከፈቱ በፊት፣ በክረምትም በበጋም፣ ከታሰበው የፍሳሽ መውጫ በላይና በታች ውሃ ቀድቶ መመርመር። ኦክስጅኑና ሙቀቱ እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ፤ ሌላው ናሙና በበረዶ ሳጥን ሆኖ በቶሎ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፤ በሞቀ መኪና ውስጥ ያደረ ናሙና ውጤቱ አይታመንም። ድንጋይ ገልብጦ የነፍሳት እጮችን ዓይነት መመዝገብም ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም የውሃ ናሙና የዚያችን ሰዓት ብቻ ሲናገር፣ እጮቹ ግን ወንዙ ለሳምንታት ያሳለፈውን ይመሰክራሉ። ይህ መረጃ በእጅ ካለ፣ ከመውጫው በላይ የነበረው ብክለት የፋብሪካው አይደለም፤ ከመውጫው በታች የተጨመረው ግን የእሱ ነው። ለሐቀኛ ባለፋብሪካም ከዚህ የተሻለ መከላከያ የለውም።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ አንፈልግም ካለ ፕሮጀክቱ ይቀራል?

በቀጥታ አይቀርም። ሕጉ አስተያየቱ እንዲካተትና እንዲመዘን ያዛል እንጂ የመጨረሻውን ውሳኔ ለስብሰባው አልሰጠም። ሆኖም ተቃውሞው ምክንያት ሲኖረው፣ ለምሳሌ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ወይም መቃብር ሲነካ፣ መሥሪያ ቤቱ ፕሮጀክቱን መከልከል ወይም ቦታ እንዲቀየር በቅድመ ሁኔታ ማዘዝ ይችላል። የመሬት ካሣ ጥያቄ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ስብሰባ ሲደባለቁ የወንዙ ነገር በካሣው ክርክር ይዋጣል። "ልጆቻችሁን እንቀጥራለን" የሚል ቃልም ቢሰጥ፣ በጽሑፍ ካልሰፈረ እንደ ፕሮጀክቱ ግዴታ ቆጥራችሁ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው ሥራ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ፍሳሽ ሲለቅ እናያለን። ለማን እንናገር? "እናንተ ምን መብት አላችሁ?" ይሉናል።

መብት አላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

ፍሳሹ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ ቀለሙንና ሽታውን፣ የሞተ ዓሣ ካለም እሱን መዝግቡ፤ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ከመውጫው በላይ ያለውንም ውሃ አብራችሁ አንሡት፤ ንጽጽሩ ያለሱ አይሠራም። እድሩ ወይም የመስጊዱ ሽማግሌዎች አብረው ቢፈርሙ አቤቱታው ክብደት ያገኛል። በቃል ነግራችሁ አትመለሱ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን ለመዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ በእጃችሁ አስቀሩ፤ 30 ቀኑን ከየትኛው ቀን እንደምትቆጥሩ የሚያሳይላችሁ ይህ ቅጂ ነው።