«አላዋጣም ስላልኩ ግዴታዬን ሸሸሁ?» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ከገባሽ ገና ዓመት አልሞላሽም፤ ተከራይ ነሽ። «የሰፈሩ መብትና ልማት አስተባባሪዎች ነን» የሚሉ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ብርና ፊርማ ይጠይቃሉ። እምቢ ያለ ሰው ስሙ፣ አንዳንዴም ፎቶው፣ የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። አንቺም እምቢ ብለሽ «ግዴታዬን ሸሸሁ ወይስ መብቴ ነው?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ከተማ ለብዙ ዓመት የዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አልሸሸሽም። ግን እምቢ ብሎ በር መዝጋት ብቻውንም አይበቃም።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ፣ አንቀጽ 31 ደግሞ በማኅበር የመደራጀት መብት ይሰጣል። ልጆቹ መደራጀታቸው መብታቸው ነው፣ ማንም አይከለክላቸውም። የተባበሩት መንግሥታት ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ግን አንቀጽ 20 ላይ ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን አይገደድም ይላል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 13 መብቶቹ ከዚሁ መግለጫ ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። ስለዚህ የነሱ መብት አንቺን አባልም ከፋይም አያደርግሽም። በግድ ክፈል ማለት የሚችለው በሕግ ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው፤ እሱም በደረሰኝ።

አሁን ወደ ፊርማው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ሰፈር የውሃ መስመር ይዘረጋልን ተብሎ ፊርማ ተሰበሰበ። ጉዳዩ እውነት ነበር፤ ውሃ የምንቀዳው በፈረቃ፣ አንዳንዴ ሌሊት ተነስተን ነው። ሰው ሁሉ ፈረመ። እኔ ከላይ ጽሑፍ የሌለው ወረቀት ላይ አልፈርምም ብዬ «አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ» ተባልኩ። በኋላ ያው የፊርማ ዝርዝር አንድን የሰፈራችንን ሰው ከቦታው እንዲነሳ ከሚጠይቅ አቤቱታ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ፈራሚዎቹ አላወቁም። ሰውየው ግን እያንዳንዱን ስም አንብቦታል። እስከ ዛሬ ሰላምታ የማይለዋወጡ ጎረቤቶች አሉ። አንቺም ከመፈረምሽ በፊት አንብቢ፣ ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ፎቶ አይነሳም ካሉ እስክሪብቶውን መልሺላቸው።

«ዕድርም እኮ ያስገድዳል» የሚል ሰው ይኖራል፤ እዚህ አስተያየት ላይም አይቼዋለሁ። ልክ ነው፣ ያስገድዳል። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ወርሃዊውን ያላመጣ ቅጣት ይደረብበታል። ስንቱ ቅጣቱን ሲሰማ እንደተቆጣብኝ ብነግርሽ! ግን ቅጣቱ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አለ፣ አባሉ ሲገባ ተነቦለት ነው የፈረመው። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ከባንክ ብር አያወጣም፤ በጥምር ፊርማ ነው። ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ማንኛዋም አሮጊት ተነስታ «የድንኳኑ ብር የት ገባ?» ትላለች፣ ዳኛው መልስ ካላገኘላት ይወርዳል። መውጣት የፈለገም ይወጣል፤ ስሙን ማንም አይለጥፍም። እነዚያን ልጆች «መዝገባችሁን አሳዩኝ» ብለሽ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ብትጠይቂ ግማሹ መልስ እዚያው ይገኛል። የሚያሳዩሽ ከሆነ፣ በእውነት እላለሁ፣ አዋጪ። ጥሩ ልጆችም አሉ፤ ሁሉን አክቲቪስት ሌባ ማለት ስንፍና ነው።

የመንዝ ሰው የሆነ ዘመድ ካለሽ ስለ ጓሳ፣ ስለዚያ የጋራ የሣር ምድር፣ ጠይቂው። ሣሩ ለቤት ክዳን ይፈለጋል። ስለዚህ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ ይከፈት ነበር። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ባለመብቶቹ ራሳቸው የመረጡት አለቃ ነው። ቅጣቱ ከባድ ነበር። ሰው ግን የሚችለው፣ ሲከፈት ለሁሉም ባለመብት እንደሚከፈት ስለሚያውቅ ነው። ሥርዓቱን አላሳምረውም፤ ርስት ለሌለው ሰው በሩ ዝግ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰና ጓሳው ለማንም ክፍት ሆኖ ተጎዳ። ዛሬ ደግሞ ማኅበረሰቡ መልሶ እየጠበቀው ነው፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አለ። ጥበቃ ያለ ግዴታ አይሆንም። ጥያቄው ግዴታውን ማን አወጣው፣ ማንስ ይቆጣጠረዋል ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ቡድኑን አላመንሽም፤ ጥሩ። ጎረቤቱ ግን ጎረቤትሽ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ ከተማ ቻይና ካምፕና ወይንሸት በሚባሉት መጠለያዎች ለተጠለሉት ወገኖች ብዙ ሰው በየስሙ ሲሰበስብ ነበር። እኛ ዕድር ውስጥ ሰዉ ተጠራጠረ፣ ብር ማዋጣት አልፈለገም። ዱቄትና ብርድ ልብስ አሰባስበን ራሳችን ወስደን ለተፈናቃዮቹ ተወካዮች በቆጠራ አስረከብን። ሰብሳቢውን የጠረጠረ ሰው የተራበውን አልተወም። አንቺም ቦይ ሲጠረግ አካፋ ይዘሽ ውጪ። ተከራይ ብትሆኚም ክረምት ላይ ጎርፉ አንቺም ቤት ይገባል። ዕድር ግቢ፤ ተከራይ የሚቀበል ሞልቷል።

ስለ ቴሌግራሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ እንደ ባለሥልጣን ወይም ታዋቂ ሰው ያሉ የተለዩ ሁኔታዎች አሉት፣ መዋጮ እምቢ ያለች ተከራይ ግን እዚያ ውስጥ አትገባም። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀኑ ይታይ። ከዚያ አስተዳዳሪውን በውስጥ መስመር በትሕትና አንሱልኝ በይው፤ ግሩፑ ላይ አትከራከሪ፣ ይባስ ያሰፋዋል። እንቢ ካለ አከራይሽን ወይም የሚከበር አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዘሽ በቀን ሂጂ። የዘመኑን ሁኔታ ታውቂያለሽ፣ ማታ በር ላይ ከማንም ጋር አትጨቃጨቂ። በሽማግሌም ካልተነሳ ስክሪንሾቱን ይዘሽ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ጠበቃ ትሄጃለሽ። የሆነውን እዚሁ ጻፊልን።