ቱርክ ነው ወይስ ጀርመን? ስለለጠፍከው የፈረሰኛ ሄልሜት

ወንድሜ ትናንት የለጠፍከውን የብረት ሄልሜት አየሁት። "ሻጩ የቱርክ ነው ብሎኛል፣ ልግዛው ወይ?" ላልከው የማውቀውን ልንገርህ፣ እኔም እዚህ ቪየና በዚሁ ጉዳይ ተበልቼ ስለማውቅ ነው።

ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፣ ቅርፁ የቱርክ ነው። ኦቶማን ቱርኮች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቺቻክ የሚሉት የፈረሰኛ የራስ ቁር ነበራቸው፤ አናቱ ሾጠጥ ያለ፣ ከግንባሩ ጥላ መሀል ወደላይ ወደታች የሚንሸራተት የአፍንጫ ብረት ያለው፣ ግራና ቀኝ ጉንጭ መሸፈኛ፣ ከኋላ ደግሞ ማጅራት የሚከልል። ፊት ሙሉ ለሙሉ ስለማይዘጋ ፈረሰኛው እንደልቡ ያያል፣ ይሰማል፣ ይተነፍሳል። ሃንጋሪዎች፣ ኦስትሪያዎችና ፖላንዶች ድንበር ላይ ከቱርክ ጋር ስንት ዘመን ሲፋጁ ኖረው የጠላታቸውን የራስ ቁር ወደዱትና ወሰዱት፣ ስሙን ሳይቀር። ፖላንዶቹ ሺሻክ ይሉታል፣ ጀርመኖቹ ጺሼገ፣ ቺቻክ የሚለው ቃል ነው አፋቸው ላይ የተጣመመው። እንግሊዞች ጋ ሲደርስ ግን ማጅራቱ ላይ የተደራረበው ብረት ሎብስተር የሚባለውን ቅርፊታም የባህር እንስሳ ጅራት ስለሚመስል በሱ ጠሩት፣ በ1642 የጀመረው የእርስ በርስ ጦርነታቸው ላይ ፈረሰኞቻቸው ይሄን ነበር የሚያደርጉት።

አሁን ያንተን እንይ። ጭንቅላቱ ክብ ነው፣ ከአናቱ ወደታች የሚወርዱ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ መስመሮች አሉት፣ ፅሁፍ የለውም፣ ጥቁር ነው። የቱርኩ አብዛኛውን ጊዜ አናቱ ይሾላል፣ የባለስልጣን ከሆነማ በወርቅ የቁርአን ፅሁፍ ይገባበታል፣ የኢስታንቡል የጦር መሳሪያ ግምጃ ቤት ማህተም የተመታበትም አለ። ስለዚህ ያንተ ኦሪጅናል ከሆነ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ወይ የኦስትሪያ ተራ ወታደር ሄልሜት ነው እንጂ የቱርክ አይደለም። የእንግሊዝም አይመስለኝም፣ የነሱ በብዛት ፊቱ ላይ ሶስት ዘንግ አለውና ከጥላው ጋር አንድ ላይ ወደላይ ይነሳል፣ ያንተ አንድ ብቻ ነው።

"ኦሪጅናል ከሆነ" ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ የገዛሁትን ሰውየው "በ1683 ቪየና ስትከበብ ቱርኮች ጥለውት የሄዱት" አለኝ፣ እኔም ታሪኩ ጣፍጦኝ 400 ዩሮ ቆጥሬ ሰጠሁ (ሚስቴ እስከዛሬ ታነሳብኛለች)። በኋላ ግራትስ የምትባል የኦስትሪያ ከተማ ሄድኩ፣ እዛ ድሮ ለቱርክ ጦርነት መሳሪያ የሚከማችበት ላንደስጾይግሃውስ የሚባል ህንፃ አለ፣ ከ1640ዎቹ ጀምሮ የቆመ፣ ውስጡ ወደ 32 ሺህ የሚጠጋ እቃ ነው ያለው፣ እንደዚህ አይነቱ ሄልሜት በረድፍ በረድፍ ተሰቅሎ ታየዋለህ። እሱን አይቼ ቤት ስመለስ የኔን ገለበጥኩት። የውስጡ ብረት ከዳር እስከዳር እኩል ለስላሳ፣ የመዶሻ ዱካ የሚባል የለም፣ ጉንጩ ጋ ደግሞ በብየዳ የተያያዘ! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታሞች ቤታቸውን ለማስጌጥ ብዙ ኮፒ ያሰሩ ነበር፣ የኔ ግን ለሱም አልበቃም፣ የቅርብ ጊዜ ስራ ነው።

እና ሻጩን የውስጡን ፎቶ ጠይቀው። በእጅ የተቀጠቀጠ ብረት ውስጡ ጎርበጥባጣ ነው፣ ውፍረቱም ቦታ ቦታ ይለያያል፣ የቆዳው ገበር የታሰረባቸው ምስማሮች ወይ ቀዳዳዎቻቸው ይታያሉ። ማጅራቱ ላይ ግን እንዳትሳሳት፣ የተደራረበ የሚመስለው አንድ ወጥ ብረት ላይ መስመር ብቻ ወጥቶበት ብታገኘው ፎርጅድ ነው ብለህ አትጣለው፣ ያኔም ወጪ ለመቀነስ እንደዛ ይሰሩ ነበር፣ እኔ አንዱን በዚህ ምክንያት ትቼው እስካሁን ይቆጨኛል።

ፎቶው ሲመጣልህ እዚሁ ለጥፈው አብረን እናየዋለን፣ እስከዛ ቀብድ እንዳትሰጠው።