ዲግሪው መቼ? በማንስ ገንዘብ?

ልጆቼ፣ እኔ በሒሳብ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ ስዘጋ፣ የሌላውን ሒሳብ ስመረምር፣ አዲስ ተቀጣሪ ስፈትን ኖሬያለሁ። ስለዚህ «ዲግሪ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ እጄ የሚሄደው ወደ ካልኩሌተሩ ነው።

ግን በዚህ ጉዳይ የእኔን ዕድሜ ሰዎች ምክር ስትሰሙ ጠንቀቅ በሉ። የእኔንም ጭምር። እኛ በደርግ ጊዜ ስንማር ትምህርቱ በነፃ ነበር። ዶርሙም ምግቡም የመንግሥት ነው። ስንመረቅ ደግሞ መንግሥት ራሱ ይመድበናል። ጎሬም ይድረስህ ጎዴ ደመወዝህ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ወላጆቻችሁ «የተማረ ይግደለኝ» እያሉ ያደጉት ያንን ዘመን እያዩ ነው። አይፈረድባቸውም። ያኔ ዲግሪና ሥራ አብረው ነበር የሚመጡት።

የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ብዙም አያሳስበኝም። በ2015 ዓ.ም. ያለፈው ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ከእነዚያ መሃል ከሆንክ ሂድ፣ ተማር። ኮስት ሼሪንግ የሚሉት ዕዳ አለብህ፤ ግን የሚከፈለው ሥራ ከያዝክ በኋላ ከደመወዝህ ላይ እየተቆረጠ ስለሆነ አንገት የሚያስደፋ አይደለም። ሐኪም ልሁን የሚልም ከዚህ በታች ያለውን ስሌት ይተወው። እሱ ሌላ መንገድ የለውም።

የሚያሳስበኝ በ18 እና በ19 ዓመቱ የግል ኮሌጅ በር ላይ የቆመው ነው። ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍሉን የመረጠው ጓደኛው ስለተመዘገበበት ነው። ክፍያውን የምትችለው እናቱ ናት፤ ካልሆነም አረብ አገር ያለች እህቱ። እስኪ አብረን እናስላው።

ክፍያው በወር 3,000 ብር፣ በዓመት 10 ወር ነው እንበል። በ4 ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ይህን ማንም ያሰላል። የማይሰላው ሌላው ነው። በእነዚያ 4 ዓመታት የሆነ ቦታ ተቀጥራችሁ በወር 5,000 ብር ብታገኙ 240,000 ብር በእጃችሁ ይገባ ነበር። ደረሰኝ ስለሌለው ማንም ወጪ ነው አይለውም እንጂ ወጪ ነው። ድምሩ 360,000 ብር። ታክሲውን፣ ኮፒውን፣ በመጨረሻም ጋዋኑን፣ ፎቶውን፣ ድንኳኑንና በጉን አልጨመርኩም። (በጉን ያነሳሁት ለቀልድ አይደለም። ለምርቃት ድግስ ተበድረው ዓመቱን ሙሉ ሲከፍሉ የከረሙ ወላጆች አውቃለሁ።) ዲግሪው ደመወዛችሁ ላይ በወር 3,000 ብር ቢጨምር ገንዘቡ የሚመለሰው በ120 ወር ነው። 10 ዓመት! ያውም በተመረቃችሁ ማግስት ሥራ ከተገኘ።

አሁን ደግሞ እየሠራችሁ በማታ ተማሩ እንበል። ደመወዛችሁ ስላልቀረ ወጪው 120,000 ብር ብቻ ነው። በዚያው ጭማሪ በ40 ወር ይመለሳል። የእኔን ቁጥሮች አውጡና የራሳችሁን አስገቡበት፤ ልዩነቱ ያው ሰፊ ነው። የማታ ትምህርት ከቀኑ ይረዝማል፣ እንቅልፍም ይነሳል። አላቆላምጠውም።

«ታዲያ ዲግሪ ከንቱ ነው ማለት ነው?» አትበሉኝ። አላልኩም። አንድ ጊዜ ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ስንፈትን፣ እንደ ልማዴ የባንክ ስቴትመንትና የእኛን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «እነዚህን አስታርቁልኝ» አልኩ፤ ሁለቱ የሚለያዩበትን ምክንያት ፈልጋችሁ አግኙ ማለቴ ነው። አንዱ ተፈታኝ በጥሩ ውጤት የተመረቀ ልጅ ነበር። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ምን እንደሆነ በሚያምር እንግሊዝኛ ጻፈልኝ። ቁጥሮቹን ግን አልነካቸውም። ሌላዋ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሳ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፋ፣ መርካቶ አንድ አስመጪ ጋ የሠራች ልጅ ናት። ገና ወረቀቱን ሳትጨርስ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ተጽፈው ከባንክ ያልወጡት ቼኮች ዝርዝር የታለ?» አለችኝ።

የፈለግኩት እሷን ነው። የደመወዝ እርከኑ ግን ዲግሪ ይላል! በጸሐፊነት መደብ ተቀጠረች፤ ሥራው ያው የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ፣ ደመወዙ ግን ሌላ። ግፍ ነው። ወረቀቱ ዋጋ አለው የምለውም ለዚህ ነው፤ በዚህ አገር እርከን የሚባል ግድግዳ አለ፣ ያለ ወረቀት አይታለፍም። ልጅቷም ገባት። በማታ ተመዘገበች፣ ከራሷ ደመወዝ ከፈለች፣ ክፍል ውስጥ የሚወራውን ቀን ቀን ስትሠራው ስለምትውል ብዙም አልከበዳት። ዲግሪውን ይዛ ስትመጣ ቦታው እየጠበቃት ነበር።

ለዚህ ነው ለብዙዎቻችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት የምለው። መጀመሪያ እጅ ላይ የሚገባ ሙያ። ኤሌክትሪክም ይሁን፣ ብየዳም ይሁን፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌርም ይሁን። ከዚያ ሥራ። ዲግሪው የት ጋ እንደሚያስፈልጋችሁ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ የሚሻገሩበት መንገድ አለ። መስፈርቱ ስለሚለዋወጥ ግን ከመጀመሪያው አጣሩ። እህታችሁም በሰው ቤት ጉልበቷን ሸጣ የምትልከው ገንዘብ ለእሷ መመለሻ ይጠራቀምላት።

የለም፣ አሁኑኑ የግል ኮሌጅ እገባለሁ ላለ ደግሞ ሁለት ነገር አለኝ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ እናንተ ለምትማሩት ፕሮግራምና ለምትማሩበት ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ናቸው። 50 ያላመጣ፣ 4 ዓመት ከፍሎም ቢሆን ዲግሪ አያገኝም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ገብታችሁ «አምና ከዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን በወረቀት ካላሳዩአችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።