ልጄ የሚንተባተበው ደንግጦ ነው?

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ከ3 ወር ወንድ ልጄ አፉን የፈታው በጊዜው ነው። ከ7 ወር ወዲህ ግን «እ… እ… እማዬ» ይላል፤ አንዳንዴም ድምፁ አልወጣ ብሎት ዓይኑን ይጨፍናል። ሲዘፍን አንድም ቃል አያደናቅፈውም። አጎቱም ይንተባተባል። ዘመድ ሁሉ «ውሻ አስደንግጦት ነው» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውሻው አይደለም፤ እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም። ድንጋጤና ጭንቀት ያለውን መንተባተብ ያብሱታል እንጂ መነሻው አይደሉም።

ስንናገር በግራው የአንጎል ክፍል ያሉት የመስሚያ፣ የንግግር ማቀጃና ምላስና ከንፈርን የሚያዝዙ ስፍራዎች በነርቭ ክሮች ይገናኛሉ። አንጎልን ፎቶ በሚያነሳው የኤምአርአይ መሣሪያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በሚንተባተቡ ልጆች እነዚህ ክሮች በአማካይ ደከም ያሉ ናቸው። ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኘው ቤዛል ጋንግሊያ የተባለው የአንጎል ክፍል ደግሞ «ቀጣዩን ድምፅ ጀምር» የሚለውን ምልክት በጊዜው በማድረስ ያግዛል። ይህ ሲዛነፍ ልጁ የሚለውን አሳምሮ እያወቀ መጀመሪያው ድምፅ ላይ ይያዛል። ሲዘፍን የሚቀናው ምቱን ከዜማው ስለሚያገኝ ሳይሆን አይቀርም። የአጎቱም ነገር ተራ አጋጣሚ አይመስለንም፤ ዝንባሌው በዘር ይወረሳል።

መንተባተብ ከጀመራቸው 4 ልጆች 3ቱን ያህል እያደሩ ይተዋቸዋል። የእርስዎ ልጅ ግን ወንድ ነው፣ በቤተሰቡ የሚንተባተብ አለ፣ የጀመረው ከ3 ዓመት ተኩል በኋላ ነው፣ 6 ወርም አልፎታል። እነዚህ ሁሉ አብሮት ሊዘልቅ እንደሚችል የሚጠቁሙ ምልክቶች ስለሆኑ «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው አይጠብቁ፤ አሁኑኑ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይየው። ከ6 ዓመት በታች ላሉት ጥሩ ውጤት ካሳዩት መንገዶች አንዱ ሲድኒ ውስጥ የተቀመረው የሊድኮም ሕክምና ነው፤ ወላጅ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ባለሙያ በየሳምንቱ እየተከታተለው ይሠራዋል። ያለ ባለሙያ አይጀምሩት።

ቤት ውስጥ እርስዎ ራስዎ ዝግ ብለው ያውሩ። ሲጨርስ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይተው ይመልሱለት፤ ጥያቄ አያብዙበት፤ ቃሉን አይጨርሱለት። «ቀስ በል፣ ተንፍስ» ማለቱ በቅንነት ቢሆንም ሊጎዳው ይችላል፤ የአንጎሉን ምልክት በፈቃዱ ማስተካከል ስለማይችል መናገርን መፍራት፣ የሚከብዱትን ቃላት መሸሽ ሊጀምር ይችላል። እንግዳ ፊት «እስቲ ተናገር» አይበሉት፤ ወንድም እህቶቹም አያሹፉበት። «ለምንድነው እንዲህ የምሆነው?» ካለዎት ሳይሸሽጉ «አንዳንዴ ቃል ይያዛል፤ እኔ እጠብቅሃለሁ» ይበሉት።

መንተባተቡ ጭንቅላቱን ከተመታ ወይም ራሱን ስቶ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ድንገት የጀመረ ልጅ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።