ካሴቱ ታፈነ፣ ጊታሩ ዘገየ፣ ጓደኞቹ ተበተኑ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሙዚቃንና ጓደኝነትን አንድ ላይ ያነሱትን አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የልጅነት ጓደኛዬ ከ25 ዓመት በፊት የቀዳልኝ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አለኝ። በዘፈኖቹ መሃል እየገባ ያወራል፤ ድምፁ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም። አሁን ሳጫውተው ታፍኗል፣ አንዳንዴም ድምፁ ጭልጥ ብሎ ጠፍቶ ይመለሳል። ክሩ አርጅቶ ይሆን? ወደ ኮምፒውተር ላስገባው እችላለሁ?

መልስ፦ ለጊዜው ማጫወቱን ያቁሙ። ክሩ ከሚታይበት ጠርዝ በተቃራኒው በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ ካልተሰበሩ አሁኑኑ ይስበሯቸው። አንድ ጣት ተሳስቶ የመቅጃውን ቁልፍ ቢነካ የጓደኛዎ ድምፅ በዝምታ ይሸፈናል።

ስለ ክሩ ብዙም አይስጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ስፖንጁ ነው። ክሩ በሚታይበት ጠርዝ መሃል፣ ከክሩ ኋላ፣ ቀጭን የብረት ምላስ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ስፖንጅ አለ። ሥራው ክሩን ከቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው ክፍል፣ ጋር አጣብቆ መያዝ ነው። ሙጫው በጊዜ ብዛት ይደርቅና ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ክሩ ከሄዱ በጥቂቱ ይሸሻል። ጥቂት ስንል እጅግ ጥቂት ነው። ካሴት በሰከንድ የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 10 ሺህ ሄርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ አንዱ ሞገዱ ክሩ ላይ የሚይዘው ቦታ 5 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። የ1 ማይክሮን ክፍተት ያንን ድምፅ በ11 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሰዋል። ወፍራሙ ይቀራል፣ ቀጭኑ ይሄዳል፤ "ታፈነ" የምንለው ይህንኑ ነው።

ካሴቱ አምስት ብሎን ካለው ሥራው ቀላል ነው። የማይፈልጉትን ሌላ ባለ ብሎን ካሴት ያዘጋጁ። የእርስዎን ካሴት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በትንሽ ካቻቢቴ ይፍቱት፤ የላይኛውን ግማሽ ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርገው ያንሱና ምንም ሳይነኩ ፎቶ ያንሱ። ክሩ በየትኞቹ መዘውሮች ዞሮ እንዳለፈ በኋላ የሚነግርዎ ያ ፎቶ ነው፤ ተገልብጦ ከገባ በአዲስ ስፖንጅም እንደታፈነ ይቀራል። ከዚያ የሌላውን ካሴት ስፖንጅ ከነብረት ምላሱ በወረንጦ አውጥተው በአሮጌው ቦታ ይተኩ። ክሩን በጣት አይንኩት፣ የጣት ቅባት አቧራ ይይዛል። ካሴቱ ብሎን ከሌለውና በሙጫ የተዘጋ ከሆነ ቀፎውን ማትረፍ አይቻልም ብለው ይነሱ፦ መጋጠሚያውን በቀጭን ምላጭ ከፍተው ሁለቱን ጥቅል ወደ ሌላው ካሴት ያዛውሩ። ክሩ ተበጥሶ ቢያገኙት በተራ ስኮች አይቀጥሉት። ሙጫው እየፈሰሰ ቀጣዩን ዙር ይይዘዋል፤ ለካሴት ክር ተብሎ የተሠራ መቀጠያ አለ፣ እሱም የሚለጠፈው ሄዱን በማይነካው ገጽ ነው።

ከመቅዳትዎ በፊት ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሳልፈው መልሰው ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይያያዛል። የቴፑን ሄድ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነከሩት ጥጥ ይጥረጉ። የጎማ ሮለሩን ግን በትንሽ ሳሙናና ውሃ በራሰ ጥጥ ያጽዱት፣ አልኮል ሲደጋገምበት ጎማ ይደርቃል። ክር የሚበላ ቴፕ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቆሸሸ ሮለር ነው።

ስፖንጁ ተቀይሮም ትንሽ ታፍኖ ከቀረ፣ የእርስዎ ቴፕ ሄድና ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄድ እኩል አልቆሙም ማለት ነው። ከሄዱ ጎን ባለ ስፕሪንግ ብሎን አለ። ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ ቀላቅለው እያዳመጡ፣ ብሎኑን ከሩብ ዙር ሳያሳልፉ በጣም በቀስታ ያዙሩት፤ "ስ" እና "ሽ" ጥርት የሚሉበት ቦታ ላይ ያቁሙ። መነሻውን በቀለም ምልክት ማድረግ አይርሱ። ካሴቱ ላይ "ዶልቢ" የሚል ምልክት ካልተደረገበት ደግሞ የቴፑን ዶልቢ (የክሩን የሽሽታ ድምፅ የሚቀንሰውን ሥርዓት) ያጥፉት፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳን ነገር በዶልቢ ማጫወት ራሱ ያፍነዋል።

ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ የላፕቶፑን ማይክ ቀዳዳ አይጠቀሙ። እሱ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ይሰነጥቀዋል፣ በአብዛኛውም ሁለቱን ቻናል አንድ ያደርጋል። በዩኤስቢ የሚሰካ ስቴሪዮ የላይን መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ ይበልጣል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፦ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ሄርዝ፣ ከሁሉ የጮኸው ቦታ ከማይነስ 6 ዲሲቤል እንዳያልፍ። የ60 ደቂቃው ካሴት 1 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ጥራቱን በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዋቭ ወይም በፍላክ፣ ያስቀምጡት። እያንዳንዱን ገጽ ሳይቆራርጡ ሙሉውን አንድ ፋይል ያድርጉት፤ ዘፈኖቹን የትም ያገኟቸዋል፣ በመሃላቸው ያለውን ወሬ ግን የትም አያገኙትም። የክሩን የሽሽታ ድምፅ የሚያጠፋውን የፕሮግራሙን መሣሪያ በዋናው ቅጂ ላይ አይሞክሩ። ካሴቱን ሲያጸዳ የሰውየውንም ትንፋሽ አብሮ ይጠርገዋል።

ጥያቄ፦ ከአብሮ አደጌ ጋር ጊታር እንጫወት ነበር። አሁን በተለያየ ከተማ ስለምንኖር በቪዲዮ ጥሪ ሞከርን፣ ግን አንድ ላይ ልንሄድ አልቻልንም። እሱ "አንተ ትዘገያለህ" ይላል፣ እኔ ደግሞ እሱ የሚዘገይ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በ2 ሜትር ርቀት ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ መዘግየቱ 6 ሚሊ ሰከንድ ነበር። ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ምቱ ይንቀራፈፋል። ተራ የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 በላይ ነው፤ ብሉቱዝ ማዳመጫ ሲጨመርበት የባሰ ይሆናል። በዚያ ላይ ጥሪው የሚንዛዛ የጊታር ድምፅን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል።

ስለዚህ በተራ ቅዱ። ፍጥነቱን በቁጥር ተስማሙ፣ ለምሳሌ በደቂቃ 84 ምት። የመጀመሪያው ሰው ባለ ሽቦ ማዳመጫ አድርጎ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በጆሮው ብቻ እየሰማ ይቅዳ፤ ከመጀመሩ በፊት 8 ምት ይቁጠር፣ በመጨረሻው ቁጥር ላይም አንዴ ያጨብጭብ። ሁለተኛው ሲቀዳ እዚያው ቦታ ላይ ያጨብጭብ፤ ሁለቱን ፋይል የምታገጣጥሙት በጭብጨባው ነው። ፋይሉን በዋቭ ተላላኩ። የመልእክት መተግበሪያዎች የድምፅ መልእክትን እየጨመቁ ጥራቱን ይቀንሱታል።

መቃኘቱንም በስምምነት አድርጉት። አንዱ ኤ የተባለውን ኖታ በ440 ሄርዝ፣ ሌላው በ442 ከቃኘ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ ትሰማላችሁ። ክሩ ከፍ ብሎ ከሆነ ከሚፈለገው በታች አውርዳችሁ ወደ ላይ እያጠበቃችሁ ቃኙት፤ ወደ ታች የተላላ ክር ቁልፉ ላይ ልል ቦታ ስለሚተው ብዙ ሳይቆይ ይወርዳል። ሁለታችሁም ያንኑ ኮርድ በያንኑ ቦታ ከያዛችሁ ደግሞ አንድ ጊታር ጮክ ብሎ የሚጫወት ይመስላል። ዘፈኑ በሲ ከሆነ አንዱ እንዳለ ይጫወት፣ ሌላው አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ የሚይዝ ማሰሪያ) አስሮ የጂ ኮርድን ቅርጽ ይያዝ። የሚወጣው ያው ሲ ነው፣ ከፍ ብሎና ቀጥኖ።

ጥያቄ፦ በ16 ዓመቴ የሰማሁት ሁሉ ቃል በቃል ይታወሰኛል። አሁን የምሰማው አንዱም አይያዘኝም። ሙዚቃው ነው የቀነሰ ወይስ እኔ?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ከ10 እስከ 30 ዓመት መካከል ያለውን ከሌላው ዘመን አብልጠው ያስታውሳሉ፤ ሙዚቃም ከዚያው ጋር ይሄዳል። ካሮል ክሩምሃንስልና ጀስቲን ዙፕኒክ በ2013 ያሳተሙት ጥናት የባሰ ነገር አሳይቷል፦ ወጣቶቹ ከራሳቸው ዘመን ሙዚቃ ሌላ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ዘመን የወጣውም ትዝታ ይቀሰቅስባቸው ነበር። ቤት ውስጥ ደጋግሞ የተከፈተ ይገባል። በ16 ዓመትዎ አንድ አልበም ምን ያህል ጊዜ ከጓደኛ ጋር እንደሰሙ ያስቡ፤ ዛሬ ስንት ጊዜ ይሰጡታል? አንድ አዲስ አልበም በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ፣ ቢቻል ከአንድ ሰው ጋር ይስሙትና ያኔ ይፍረዱ።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ሙዚቃ አብረን የምናዳምጥበት ምሽት ጀመርን። በሦስተኛው ሁለት ሰው ብቻ መጣ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ምናልባት ቀን አልቆረጣችሁም። በ2015 የወጣ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት የመዝሙር፣ የእጅ ሥራና የድርሰት ክፍል ተማሪዎችን ለሰባት ወር ተከታትሎ ነበር፤ አብረው የሚዘምሩት ከሌሎቹ ፈጥነው ተቀራረቡ፣ በመጨረሻ ግን ሁሉም እኩል ሆኑ። ሙዚቃ ያፈጥናል እንጂ መመላለሱን አይተካም። ጄፍሪ ሆል በ2018 ባሳተመው ጥናት ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ፣ ለቅርብ ጓደኝነት ከ200 በላይ ያስፈልጋል ይላል። በየሁለት ሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ብትገናኙ በዓመት 52 ሰዓት ነው። "ሲመቸን" ካላችሁ 10 ሰዓትም አይሞላም።

ቀኑን አንድ አድርጉት፣ ሁለት ሰው ቢመጣም አይሰረዝ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሥራ ያምጣ፣ ሁለቱም ተደምረው ከ12 ደቂቃ አይብለጡ። ሙዚቃው ሲጫወት ወሬ የለም፤ አምጪውም ከመክፈቱ በፊት ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አያብራራ። እንዲህ ያለውን ምሽት ከምንም በላይ የሚገድለው ዘፈኑ ሳይሰማ የሚሰጠው ትምህርት ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ የድምፁን ከፍታ ለሁሉም እኩል አድርጉ። ከሁለት ቅጂዎች በ1 ወይም በ2 ዲሲቤል የጮኸው ለጆሮ "የተሻለ" ይመስላል፤ አሮጌ ቅጂዎች ደግሞ ከአዳዲሶቹ ዝቅ ብለው የተቀዱ ናቸው። የድሮ ዘፈን ይዞ የሚመጣው ጓደኛችሁ ሁልጊዜ የሚሸነፈው በምርጫው ላይሆን ይችላል። ቁልፉን ትንሽ ከፍ አድርጉለት።